ላይ ያለው ግድብ፣ ታች ያለው ማሳ

ከባህር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ አንድ ሸለቆ ውስጥ ነው ነገሩ። አንድ ሰው በገዛ ገንዘባቸው 6 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ሠርተዋል። ከግድቡ በታች ሽንኩርት የሚያመርት ወጣት አለ። ጥያቄው፦ ትንሽ የግል ግድብ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? ሁለቱ በየተራ ጻፉ።

ባለ ግድቡ

ሳላስጌጥ ልናገር። ጣና አፍንጫችን ሥር ተኝቶ እኛ ከጥር በኋላ ውሃ ፍለጋ ሞተር ተሸክመን ስንንከራተት ነው የኖርነው፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለእኛ ነው። የቆጋ መስኖ ግድብ ተሠራ፣ 7,000 ሄክታር ያጠጣል ተባለ፣ እሰየው። የእኔ መሬት ግን ከቦዩ ውጭ ቀረ። ስለዚህ ከብቶቼን ሸጬ፣ ኤክስካቫተር ተከራይቼ ሠራሁት። ስሠራ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ውሃው ሲጠራቀም ነው ቁጥጥር የሚመጣው? ቁጥጥር እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ እናውቃለን፦ ፎርም፣ ማህተም፣ "ነገ ተመለስ"፣ ከዚያ ደግሞ ያ ስሙ የማይጠራው ነገር። በየማለዳው አናቱ ላይ የምመላለሰው እኔ ነኝ። ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

የታች ሰፈሩ

ጋሼ፣ ሲመላለሱ አይዎታለሁ። ግን የአፈር ግድብ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከውስጥ ነው። ውሃው በአፈሩ መሐል መንገድ ያበጃል፣ ደቃቁን አፈር እየጎተተ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ ይናዳል። አሜሪካ ውስጥ ቴተን የሚባለው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዲህ ነው የሄደው። ጠዋት ደፍራሽ ውሃ ሲወጣ ታየ፤ እኩለ ቀን ላይ ግድቡ ተደረመሰ።

ባለፈው ነሐሴ ከግድብዎ እግር ሥር የሚወጣውን ውሃ በጠርሙስ ቀድቼ ቤት አሳደርኩት። ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር፣ ጨርሶ የማይሰርግ የአፈር ግድብ የለምና። ግን ጠዋት ሳየው ጠርሙሱ ሥር ደለል ረግቷል። ለሚመለከተው ቢሮ ስነግር "የግል ነው፣ እኛን አይመለከትም" ተባልኩ። ታዲያ ማንን ነው የሚመለከተው? እኔ ታች ነው የምተኛው።

በዚያ ላይ ጀርባው ላይ ባህር ዛፍ ተክለዋል፣ ፍልፈሉም ይቆፍረዋል። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት የጎርፍ ማስተንፈሻው ሁለት ሜትር እንኳ አይሰፋም። እዚህ አካባቢ በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። አንድ ሌሊት ውሃው አናቱን ከተሻገረ ያው አፈር ነው፣ ይታጠባል።

ባለ ግድቡ

ቴተንን አንተው ራስህ ጠራኸው። ማን ነው የሠራው? የመንግሥት መሐንዲስ! ያውም ከ90 ሜትር በላይ የሆነ ነገር ከኔ ጋር ምን አገናኘው? የዓለም ግድብ ባለሙያዎች እንኳ ትልቅ ግድብ የሚሉት 15 ሜትር ሲሞላ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ደግሞ ቢያንስ 5 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ሲይዝ። የኔ 40 ሺህ ቢይዝ ነው።

ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ ኤደንቪል የሚባል የግል የአፈር ግድብ ነበር። ስንት ዓመት ሲቆጣጠሩት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2020 ፈረሰ። ወረቀት ውሃ አይዝም ልጄ።

የታች ሰፈሩ

ኤደንቪልን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። ተቆጣጣሪዎቹ "ማስተንፈሻው ጠባብ ነው፣ አስፋው" እያሉ ዓመታት ጮኸዋል፤ ባለቤቱ አላሰፋም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃዱን ነጠቁት። በፈረሰ ጊዜ ግን ወደ 10 ሺህ ሰው ቀድሞ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር፣ አንድም ሰው አልሞተም። በዚያው በ2018 ኬንያ ሶላይ ላይ፣ በግል እርሻ ያለ የአፈር ግድብ በሌሊት ፈርሶ ከ40 በላይ ሰው ገደለ። ፈቃድ እንዳልነበረው የተነገረው በኋላ ነው። ማንም ቀድሞ "ውጡ" አላላቸውም።

40 ሺህ ሜትር ኩብ ደግሞ ትንሽ አይደለም። 20 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢያስቡት 2,000 ቦቴ ነው፣ በአንድ ጊዜ ጎረቤት ላይ የሚደፋ። ትልቅ ያልተባለ ግድብ ማንም መዝገብ ላይ የለም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሕጉም አለ፣ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992። የውሃ ሥራ ለመገንባት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል።

ባለ ግድቡ

ባህላዊ መስኖ ነጻ ነው ይላል ያው አዋጅ! አስነብቤዋለሁ እኔም።

የታች ሰፈሩ

ባህላዊ ማለት እኮ አባቶቻችን በድንጋይና በቅጠል ወንዝ ጠልፈው በየዓመቱ የሚያድሱት ነው። በኤክስካቫተር የተቆለለ 6 ሜትር ዋልካን ባህላዊ ነው ካሉማ የእኔም ሞባይል ባህላዊ ነው። ዋልካ ደግሞ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እንደሚያወጣ እኔ ለእርስዎ አልነግርም።

ያፍርሱት አላልኩም። እኔም በእሱ ውሃ ነው ሚያዝያን የማልፈው። በክረምት መግቢያና መውጫ አንድ የሚያውቅ ሰው ይየው፣ ማስተንፈሻው ይስፋ፣ ሌሊት የሚደወልላቸው የታች ሰዎች ስልክ ይያዝ። ይኼው ነው።

ባለ ግድቡ

ስልኩ ዛሬ ይጻፍ፣ ለእሱ ቢሮ አያስፈልገንም። ማስተንፈሻውን ካገዛችሁኝ አሰፋዋለሁ፤ ውሃውን አብረን አይደል የምንጠጣው። ባህር ዛፉንም ሰኔ ሳይገባ እቆርጠዋለሁ።

የታች ሰፈሩ

መቁረጥ ብቻ አይሆንም ጋሼ። ሥሩ ውስጥ ሲበሰብስ ለውሃው ቧንቧ ይሆንለታል። ውሃው ዝቅ ሲል ሥሩ ተነቅሎ፣ ጉድጓዱ በስሱ እየተደለደለ መጠቅጠቅ አለበት። ይህን የሚያሳየን ሰው ነው የምፈልገው።

ባለ ግድቡ

እንግዲያው ግንቦት ላይ ይዘኸው ና፣ ያን ጊዜ ውሃው ጉልበት አይደርስም። ጭቃ የሚረግጥ ይሁን ብቻ። መኪና ውስጥ ሆኖ የሚፈርም ከሆነ ከበሩ እመልሰዋለሁ።