ይድረስ ለክቡር «ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ ከፍተኛ ባለሥልጣን»

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በስምዎ ጠርቼ ሰላምታ ባቀርብልዎ ደስ ባለኝ፤ ግን ስም የለዎትም። አድራሻዎም «ለጉዳዩ ቅርበት ያላቸው» ከሚባለው ሰፈር አያልፍም። የዋሽንግተንን ዜና በየዕለቱ የምንከታተል ሰዎች ከሥጋ ዘመዶቻችን ይልቅ የእርስዎን ወሬ እንሰማለን። ጠዋት ፕሬዚዳንቱ ከአንድ የውጭ መሪ ጋር በስልክ እንደተጯጯሁ ይነግሩናል፤ ማታ ደግሞ ውይይቱ በወዳጅነት መንፈስ መጠናቀቁን ያረጋግጡልናል። እኛም ሁለቱንም እናምናለን። ምን እናድርግ፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ዋሸ ተብሎ አይከሰስ።

ዕድሜዎ ያስቀናል። በእኔ ግምት ከፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ዘመን ወዲህ ዋይት ሐውስን ለቀው አያውቁም፤ ያ ጊዜ እንዲያውም የደራ ገበያዎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ካምቦዲያን በድብቅ መደብደቧ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ወጣ። (ቦምቡ ይወርድበት ለነበረው ገበሬ መቼም ድብቅ አልነበረም።) የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ሄንሪ ኪሲንጀር በንዴት ጦፉ፤ የ17 ሰዎች ስልክም ተጠለፈ፤ 13ቱ የመንግሥት ሰዎች፣ 4ቱ ጋዜጠኞች። የኪሲንጀር የራሳቸው ረዳቶች ሳይቀሩ ከተጠለፉት መካከል ነበሩ። እኚሁ ሰው ጥቂት ዓመታት ቆይተው በመካከለኛው ምሥራቅ ከመዲና ወደ መዲና ሲመላለሱ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ጋዜጠኞቹን ሰብስበው የሆዳቸውን ያጫውቱ ነበር፤ በማግስቱ ጋዜጣው «አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ገለጹ» ይላል። የጀርመንኛ ቅላጼያቸው ብቻ ነው ሳይታተም የቀረው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ምሥጢር የሚያወጣውም፣ ምሥጢር አወጣ ብሎ ሰው የሚያሳድደውም እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ደርሰንበታል።

በዚያው መንግሥት ውስጥ የሠሩትን ሌላ ሥራ ግን ብዙ ሰው አላወቀልዎትም። አንድ የባሕር ኃይል ጸሐፊ ከኪሲንጀር ቦርሳ ውስጥና ሊቃጠሉ ከተቀመጡ ወረቀቶች መካከል ሰነድ እየገለበጠ ለጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሞች ያቀብል ነበር። ጄኔራሎቹ ፕሬዚዳንቱና አማካሪያቸው በቬትናምና በቻይና ጉዳይ ምን እየዶለቱ እንደሆነ የሚነግራቸው ጠፍቶ ነበርና፣ የራሳቸውን መንግሥት ሰለሉ! ኒክሰን ይህን በ1971 መጨረሻ ሲደርሱበት ምን አደረጉ? ነገሩን አዳፈኑት። ጸሐፊው ወደ ኦሪገን ተዛወረ፤ የሹሞቹ የበላይ አድሚራል ቶማስ ሙረር ግን በወንበራቸው ጸኑ። ተላላኪው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ላኪው ሲሾም ይኸው ስንት ዘመን አየን።

ከሁሉ የሚደንቁኝ ግን የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) ሁለተኛ ሰው የነበሩት ማርክ ፌልት ናቸው። በግንቦት 1972 የቢሮው ዋና ኃላፊ ኤድጋር ሁቨር ሲሞቱ ወንበሩ ለእሳቸው የሚገባ መስሏቸው ነበር፤ ኒክሰን ከውጭ ሰው አምጥተው አስቀመጡበት። በሚቀጥለው ወር ዋተርጌት በተባለው ሕንፃ የተቃዋሚውን ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡት፣ ከኒክሰን ሰዎች ጋር የተያያዙት ሰርሳሪዎች ተያዙ። ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ ያውቁታል፤ በቨርጂኒያ ምድር ቤት ውስጥ ያለ የመኪና ማቆሚያ፣ ውድቅት ሌሊት፣ ፌልት በድብቅ ምሥጢር የሚያቀብሉት ጋዜጠኛ ቦብ ውድዋርድ በቤቱ ሰገነት ላይ ቦታዋን እየቀየረ ምልክት የሚሰጥባት የአበባ ማሰሮ። ዋይት ሐውስ «ይህን ምሥጢር የሚያወጣውን ሰው ፈልጋችሁ አምጡ» ብሎ ሲያዝ ደግሞ ፍለጋውን ከሚመሩት አንዱ እኚሁ ፌልት ሆነው አረፉት። በትጋት ፈለጉ፤ ሌላ ሰውም ጠረጠሩ። በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ካዱ፤ «እኔ ነኝ» ያሉት በ2005፣ በ91 ዓመታቸው ነው።

ፌልት ያወጡት ነገር እውነት ነበር፤ ለአገራቸውም በጅቷል፤ ይህን አልክድም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሹመቱን አግኝተው ቢሆን ኖሮ ያንን መኪና ማቆሚያ ይረግጡት ነበር? እርስዎም ክርክር ሲያሸንፉ አንድም ቀን ለጋዜጣ ደውለው አያውቁም እኮ! ሕሊናዎ የሚነቃው በስብሰባው ሐሳብዎ ውድቅ በሆነ ማግስት ነው። ስምዎን የምንጠይቀው ለሐሜት አይደለም፤ በማን ተቀይመው እንደሚያወሩ ካላወቅን ከወሬው ግማሹ ስለሚጎድልብን ነው።

በእኛም ጉዳይ ገብተዋል። በ2020 አሜሪካ በሕዳሴው ግድብ ምክንያት ለኢትዮጵያ ከምትሰጠው እርዳታ እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር ልትይዝ መሆኑን አስቀድመን የሰማነው ከእርስዎና ከመሰሎችዎ ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዋና አለቃዎ ሥራዎን ነጠቁዎት። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጋር በስልክ እየተነጋገሩ፣ ጋዜጠኞች ቆመው እየሰሙ፣ ግብፅ ግድቡን እንደምታፈነዳው ተናገሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራችን የአሜሪካን አምባሳደር ለማብራሪያ ሲጠራ የእርስዎ እርዳታ ቅንጣት አላስፈለገም። ያን ቀን ምን ተሰማዎት?

የባሰው ግን በመጋቢት 2025 መጣ። የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ማይክ ዋልትዝ አሜሪካ በየመን ላይ የምትፈጽመው የአየር ጥቃት በሚመከርበት የሲግናል (የስልክ መልእክት መለዋወጫ) ቡድን ውስጥ የአትላንቲክ መጽሔትን ዋና አዘጋጅ በስሕተት አስገቡት። የመከላከያ ሚኒስትሩ አውሮፕላኖቹ የሚነሱበትን ሰዓት ሳይቀር ጻፉ፤ አዘጋጁም ቁጭ ብሎ አነበበ። ምድር ቤት የለ፣ ማሰሮ የለ፣ ቂም እንኳ የለ! ዋልትዝ ከአማካሪነቱ ተነሡና ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር ሆኑ። እርስዎ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት በጨለማ ሲሹለከለኩ ኖረው አንድ ኤምባሲ እንኳ አልደረስዎትም።

ስለዚህ ጡረታ ይውጡ። መጽሐፍ እንደሚጽፉ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ስምዎም ሽፋኑ ላይ ከርዕሱ በሚበልጥ ፊደል ይታተማል። ያኔ ማን እንደነበሩ፣ በማን እንደተቀየሙ፣ ጠዋት የተናገሩት እውነት ይሁን ማታ የተናገሩት ገዝተን እናነባለን። ዋጋውን ብቻ አደራ፣ በዶላር የምንከፍል ሰዎች ስላልሆንን ጥቂት ዝቅ ያድርጉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢዎ