ኦፔራ የግድ መታየት አለበት ያለው ማነው?

ሰሞኑን በአንድ የክላሲካል ሙዚቃ ውይይት ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ያበግነኛል። ተናጋሪው «ዛሬ አዲስ ኦፔራን ስቱዲዮ ገብቶ መቅዳት ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ኦፔራ ለዓይን ነው» አሉ። ምሳሌ ሲጠየቁ ከስንቱ ኦፔራ መርጠው የአቀናባሪዋን የካያ ሳሪያሆን «ላሙር ደ ሎዋን» ጠቀሱ። የሩቅ ፍቅር ማለት ነው። «ድርጊት የሌለበት ሥራ ነው። ምስሉን ስታነሱበት ምን ይቀራል?» ሲሉ ቤቱ ሳቀ።

ሙዚቃው ይቀራላ! ሌላ ምን ሊቀር ነበር?

እሺ፣ ድርጊት የለም እንበል። ታዲያ ድርጊት ከሌለ ዓይን ምን ሥራ አለው? ሩጫና ጎራዴ የበዛበት ኦፔራ ቢሆን ኖሮ ምስሉ ያስፈልጋል ማለት ያስኬድ ነበር። እዚህ ያሉት ሦስት ዘፋኞች፣ አንድ ኳየር፣ አንድ ኦርኬስትራና በኮምፒውተር የተቀነባበረ ድምፅ ናቸው። ሰውዬው ሳያውቁት የተከራከሩት ለእኔ ነው።

ታሪኩን ደግሞ አስቡት። ዦፍሬ ሩዴል በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ያለችው የብላይ መስፍንና ገጣሚ ነው። አይቷት የማያውቃትን ሴት ይወዳል። እንዲህ ያለች ሴት በእርግጥ እንዳለች የሚነግረው ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ተሳላሚ ነው። ክሌማንስ ትባላለች፤ የትሪፖሊ ባላባት ናት። (የሊቢያዋ አይደለችም፤ የሊባኖሷ ትሪፖሊ ናት።) ተሳላሚው ባሕሩን ተሻግሮ ወሬውንና ዘፈኑን ያደርስላታል። እሷም በተራዋ አይታው የማታውቀውን ሰው ማሰብ ትጀምራለች። እሱ በወሬ ወደዳት፤ እሷ በዘፈን። ሁሉም ነገር የሚሆነው በጆሮ ነው። ዓይን ለዓይን ሲገናኙ እሱ መንገድ ላይ ታሞ ሊሞት ነው።

አሁን ይህ መድረክ ላይ ሲወጣ የሚሆነውን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኦስትሪያ ውስጥ ዛልስቡርግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ መድረኩን ውሃ አስተኛበት። በ2016 በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ደግሞ ሮበርት ለፓዥ በሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ መብራቶች ባሕር ሠራ። ያምራል፤ አልክድም። ግን ያ ባሕር ስንት ሜትር ነው? ዓይን ክፉ ነው፤ ርቀትን ወዲያው ይለካል። እሱ እዚህ፣ እሷ እዚያ፣ መሃላቸው ጥቂት እርምጃ። ጮክ ብሎ ቢጣራ እኮ ትሰማዋለች! የሩቅ ፍቅር የተባለው የጎረቤት ፍቅር ሆኖ አረፈው።

የባሰው ደግሞ እኛ ክሌማንስን ከእሱ ቀድመን ማየታችን ነው። ኦፔራው አምስት ገቢር አለው። እሷ ሁለተኛው ላይ ትወጣለች፤ እሱ የሚያያት አምስተኛው ላይ ነው። ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ዦፍሬ ሕይወቱን የከፈለበትን ነገር በግማሽ ሰዓት ውስጥ በነፃ አየው ማለት ነው። ዲስኩን የሚሰማ ግን ከዦፍሬ እኩል ነው። የሚያውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው። መልኳን፣ አለባበሷን፣ የምትቆምበትን የባሕር ዳርቻ ራሱ ይሠራል። ዦፍሬስ ያደረገው ሌላ ምን ነበር? በሬዲዮ ትረካ ላደገ አድማጭ ይህን ማስረዳት ባላስፈለገ።

ስለዚህ የኦርኬስትራ መሪው ኬንት ናጋኖ ከበርሊኑ ዶይቸስ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር የሠራው፣ ሃርሞኒያ ሙንዲ የተባለው የመቅጃ ኩባንያም በ2009 በሁለት ዲስክ ያወጣው ቅጂ ለእኔ የመድረኩ ምትክ አይደለም። ኦፔራው ቤቱን ያገኘው እዚያ ነው። ናጋኖ ዛልስቡርግም ላይ የመራው ራሱ ስለሆነ ሥራውን ከጥንስሱ ያውቀዋል። በአራተኛው ገቢር ባሕሩ ሲናወጥ ከኦርኬስትራው ሥር የሚመጣውን ጉርምርምታ ስሙት። የቱ የሰው፣ የቱ የኮምፒውተር እንደሆነ መለየት ያቅታል። ሳሪያሆ የፈለገችውም መቼም ይህንኑ ይመስለኛል። አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ሰው ሳል ይበላሻል። ቅጂው በ2011 የዓመቱ ምርጥ የኦፔራ ቀረጻ ተብሎ ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። ገንዘቡ ተቃጠለ ማለት ይህ ከሆነ ይቃጠል!

ኦፔራው በፈረንሳይኛ ነውና ተናጋሪው የዘፋኞቹን ፈረንሳይኛም ነካ አድርገዋል። በዚህ ቅጂ ላይ ዦፍሬንና ክሌማንስን የሚዘፍኑት አሜሪካዊው ዳንኤል ቤልቸርና ሩሲያዊቷ ኤካቴሪና ሌኪና «የውጭ ሰው ጣዕም አለባቸው» ነው ያሉት። ይገርማል! ሙዚቃውን የጻፈችው ሄልሲንኪ የተወለደች ፊንላንዳዊት ናት። ግጥሙን የጻፈው ሊባኖሳዊው አሚን ማሉፍ ነው። እሱን የፈረንሳይኛ ቋንቋ ጠባቂ የሆነው የፈረንሳይ አካዳሚ በ2011 አባል አድርጎት፣ በ2023 ደግሞ ቋሚ ጸሐፊ አድርጎ መርጦታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዦፍሬ ራሱ የሚቀኘው በፈረንሳይኛ ሳይሆን በደቡብ ፈረንሳይ ቋንቋ በኦክሲታን ነበር። በዚህ ሥራ ላይ የፓሪስ አነጋገር ዘበኛ ሆኖ የሚቆም ሰው በሩን ተሳስቷል።

አንድ ነገር ልስጣቸው። የዚሁ ኦፔራ ከሄልሲንኪ የተቀረጸው ቪዲዮ ላይ ዦፍሬንና ክሌማንስን የሚዘፍኑት ጄራልድ ፊንሊና ዶውን አፕሾ ግሩም ናቸው። ፊንሊን ከቤልቸር አስበልጣለሁ። ቪዲዮውን ግን ስክሪኑን አጥፍቼ ብሰማው እመርጣለሁ።

«ውድ ነው» የሚለውንም አውቃለሁ። ኦርኬስትራና ኳየር ለቀናት ስቱዲዮ ማስገባት ቀላል ወጪ አይደለም። አለመቅዳትስ ምን ያስከፍላል? የዚችው አቀናባሪና የዚሁ ደራሲ ሁለተኛ ኦፔራ «አድሪያና ማተር» ፓሪስ ላይ የታየው በ2006 ነው። በዲስክ የወጣው በ2024 ነው፤ እሱም ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በ2023 ጁን ወር ከቀረበ ኮንሰርት ተቀርጾ። ሳሪያሆ በዚያው ወር፣ ኮንሰርቱ ሊቀርብ ጥቂት ቀን ሲቀረው አረፈች። ያም ቀረጻ በተራው ግራሚ ወሰደ። በእነዚያ 18 ዓመታት ውስጥ አንድ የመቅጃ ኩባንያ ደፍሮ ስቱዲዮ ቢያስገባው ኖሮ ራሷ ቁጭ ብላ ትሰማው ነበር። ለዓይን ነው እያሉ የሚያስቁብን ሰዎች ሂሳቡን ሲሠሩ ይህንንም ይደምሩልን።