በእጅ የተሠራ ስጦታ ምን አጠፋ?

ሰሞኑን መሀል ከተማ ካለው የልጄ ትምህርት ቤት በቴሌግራም አንድ ማሳሰቢያ ደረሰን። ለገና ዝግጅት ተማሪዎች ዕጣ አውጥተው ስጦታ ይለዋወጣሉ። ስጦታው ከሱቅ የተገዛና የታሸገ መሆን አለበት። ዋጋው ከ800 ብር ማነስ የለበትም። የክፍሉን ዛፍ ጌጥ ትምህርት ቤቱ ይገዛል፤ ወላጅ ገንዘቡን ያዋጣል። ቤት ውስጥ የተሠራ ጌጥም ሆነ ስጦታ ግን "ተቀባይነት የለውም"። ምክንያቱም አብሮ ተጽፏል፦ "በልጆች መካከል እኩልነት እንዲሰፍን።"

ሌላ ምክንያት ቢሰጡ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ይሄን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

800 ብር ለሁሉም ቤት አንድ አይደለም። አንዱ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኬክና በማኪያቶ ያወጣዋል። ለሌላው ቤት የሳምንት አስቤዛ ነው። በዚያ ላይ በዓል ነው። ዶሮው አለ፣ ቅቤው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ። ያለው ሳያስበው ይከፍላል፤ የሌለው ይበደራል። ልጅ ደግሞ እናቷ ለብድር ስትደውል ትሰማለች። ይባስ ብሎ ማሳሰቢያው "ከዚህ አይነስ" አለ እንጂ "ከዚህ አይብለጥ" አላለም። አንዷ ልጅ የ800 ብር የቀለም እርሳስ፣ ጓደኛዋ ደግሞ የ6,000 ብር አሻንጉሊት ይዛ ብትመጣ መመሪያው አልተጣሰም። ታዲያ እኩልነቱ የቱ ጋ ነው? ይሄ ያልከፈለውን ከበር የሚመልስ የመግቢያ ዋጋ ነው። በእኩልነት ስም አይጥሩት።

ልጆችን እኩል የሚያደርገውማ እነሱ የከለከሉት ነገር ነው። ወረቀት፣ ክር፣ ሙጫና መቀስ ፊታቸው ሲቀመጥ የባለሀብቱ ልጅ ከጥበቃው ልጅ አይበልጥም። ቢበልጥም በእጁ ነው፤ በአባቱ ኪስ አይደለም።

በወላጆች ግሩፕ ላይ አንዲት እናት ማሳሰቢያውን ደገፉ። "በእጅ የተሠራማ የሚሰጠው የሌለው ሰው ነው፤ ልጆቻችንን አናሳቅቃቸው" ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው አውራ ጣቱን አነሳላቸው። እኚህ እናት የገና ዕለት ምን እንደሚለብሱ መገመት አያቅተኝም፤ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ሽሮ ሜዳ ወጥተው ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት "የእጅ ነው የማሽን?" ብለው ነው። ጥለቱን በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ጀርባውን ገልብጠው ስፌቱን ያያሉ። የእጅ ከሆነ ብዙ ሺህ ብር ይጨምራሉ፤ አይቆጫቸውም። ለራሳችን ሲሆን የእጅ ሥራ ክብር ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ስትሠራው ግን የድህነት ምልክት ሆነ። እንዲህ ብሎ ማሰብን ከየት አመጣነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የእጅ ሙያ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል አለ። ያንን ዳንቴል አንድ ሰው በኪሮሽ ሠርቶታል። ግድግዳው ላይ ሰፌድ ተሰቅሏል። ያንን ሰፌድ አንድ ሰው ስንደዶና አክርማ ገዝቶ፣ ቀለም ነክሮ፣ በወስፌ ሰፍቶታል። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሁንም እዚያው ቤት አለ። አያት ናት። ሳሎን ተቀምጣ ተከታታይ ድራማ ታያለች። የልጅ ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስልክ ትነካካለች። አንድ ሶፋ ላይ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን የለም። አያት የልጅቷን የቤት ሥራ ማገዝ አትችልም፣ እንግሊዝኛ ነው። ጌሙን አታውቀውም። ልጅቷም የአያቷን ወሬ አትጨርሰውም። አያት ከልጅቷ በግልጽ የምትበልጥበት፣ ልጅቷም "አሳዪኝ" የምትልበት አንድ ነገር ያስፈልጋል። የእጅ ሥራ ማለት ይሄ ነው። ገና ደግሞ ሰበቡ ነው።

እኛ ቤት የተጀመረው በኮከብ ነው። እናቴ በነጭ ክርና በቀጭን ኪሮሽ ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ ሠራች። የክር ኮከብ ተሠርቶ ሲያልቅ ልፍስፍስ ነው፤ ዛፍ ላይ ቢሰቀል ይጨማደዳል። ስለዚህ ስኳርና ውሃ እኩል በእኩል አፈላችና ለብ ሲል ኮከቡን ነከረችው። ጨመቅ አድርጋ ፌስታል ላይ ዘረጋችው። ጫፍ ጫፉን በስፒል ወጥራ አሳደረችው። ጠዋት እንደ ካርቶን ድርቅ ብሎ ተነሳ። ልጄ አላመነችም። "እማማ፣ በስኳር ብቻ?" አለቻት። ከዚያ ኪሮሹን ተቀበለቻት። የልጄ የመጀመሪያ ሰንሰለት ጠማማ ነበር፤ አንዱ ዓይን ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። እናቴ "ፍቺው" አለቻት። ፈታችው። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና ተበላሸ፣ እንደገና ፈታችው። እኔ የቤት ሥራዋን ሁለቴ ሥሪ ብላት የምታለቅስ ልጅ ናት። አያቷ "ፍቺው" ስትላት አላለቀሰችም። ይሄን የሚሸጥልኝ ሱቅ ካለ 800 አይደለም 8,000 ብርም እከፍላለሁ።

ስጦታ መሥራት ሌላም ነገር ያስገድዳል። ልጅቷ ዕጣ የደረሰቻትን ጓደኛዋን ማሰብ አለባት። ምን ቀለም ትወዳለች? መጽሐፍ ታነባለች? እንግዲያው መጽሐፏ መሀል የምታስገባው የክር ምልክት ይሠራላት። ፀጉሯን ትሠራለች? የፀጉር ማስያዣ ይሁንላት። ሱቅ ሲኬድ የሚያስበው ወላጅ ነው፤ የሚያስበውም ስለ ዋጋው ነው። ልጅቷ የታሸገ ካርቶን ተሸክማ ትሄዳለች፤ ውስጡ ምን እንዳለ እንኳ የማታውቅበት ጊዜ አለ። ይሄ ከመልእክተኛ በምን ይለያል?

ደግሞ ነገሩ የኛው ነው። የገና ዱላ በልማዳችን ከሱቅ አይገዛም። ልጆች ጫፉ የቆለመመ እንጨት ፈልገው፣ ቆርጠው፣ ልጠው ያዘጋጁታል። ሩሩም በእጅ ይሠራል። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ ስለው በየጎረቤቱ ያድላሉ። ሥዕሉ ስንት ብር ያወጣል ብሎ በሩን የዘጋ ጎረቤት አላየሁም። እኛም ልጆች ሳለን የጥድ ቅርንጫፍ ላይ ጥጥ እየበተንን ነው ገናን ያሳለፍነው፤ ማንም ጥጡ ከየት ተገዛ አላለንም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል። እኔ ግን በዚህ ተቆጥቻለሁ።

የፈረንጁን ወግ ነው የምንከተለው የሚሉ ከሆነም ወጉን በቅጡ ይወቁት። ዛሬ ከቻይና በፕላስቲክ የሚመጣው የዛፍ ኳስ መነሻው ጀርመን ውስጥ ያለች ላውሻ የምትባል የመስታወት ሠሪዎች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ቤተሰብ በሙሉ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ይሠራው ነበር፤ አንዱ መስታወቱን እየነፋ፣ ሌላው ቀለም እየቀባ። የሄርንሁት ኮከብ የሚባለውን ደግሞ ስሙ። በብዙ አገር በገና ሰሞን የሚሰቀል፣ ብዙ ጫፍ ያለው ትልቅ ኮከብ ነው። የተጀመረው በዚያው በጀርመን፣ ኒስኪ በምትባል ከተማ፣ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ልጆች ጂኦሜትሪ እንዲገባቸው ከወረቀት ሠሩት። የጀመረው ትምህርት ቤት ነው! የኛው ትምህርት ቤት ደግሞ ይከለክላል። በሥርዓተ ትምህርታችን የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፤ ልጄ ፈተና ትቀመጥበታለች፣ ውጤቱ ካርዷ ላይ ይጻፋል። የተማረችውን ሠርታ ስታመጣ ግን ተቀባይነት የለውም።

ደውዬ ስጠይቅ ሌላ ምክንያት ተጨመረልኝ። ሙጫና መርፌ ለልጅ አደገኛ ነው፣ ክፍሉም ይዝረከረካል ተባልኩ። የሚሠራው ቤት ነው፣ ክፍል ውስጥ አይደለም። መዝረክረኩን አልክድም፤ ብልጭልጭ ወረቀት ከምንጣፍ ላይ ቶሎ አይለቅም። ይጠረጋል። "ወላጅ ጊዜ የለውም" የሚለውንም አልቀበልም። በበዓል ዋዜማ መርካቶ ገብቶ ስጦታ መፈለግ፣ ከዚያ ታክሲ ሰልፍ መቆም፣ እሱ ጊዜ አይወስድም?

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያቺን መስመር ይሰርዟት። መግዛት የፈለገ ይግዛ፣ መሥራት የፈለገ ይሥራ፤ ዛፉ ሁለቱንም ይችላል። የዋጋውንም ነገር ይተዉት። እናንተም ወላጆች መመሪያ እስኪለወጥ አትጠብቁ፤ ታኅሣሥ 29 ሩቅ አይደለም። ኪሮሽ የሚችል ሰው ቤታችሁ ከሌለ ጎረቤት አለ፤ እሱም ካልሆነ ለመጀመር የደብተር ወረቀትና መቀስ ይበቃል። የኔ ልጅ የሠራችውን ይዛ ትሄዳለች። የሚመልሳት ካለ ምክንያቱን በደብዳቤ ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎበት ይላክልኝ።