አገዳው ከወንዙ፣ ሠራተኛው ከጉድጓዱ

ስለ ወንጂ ሲነገር ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከፋብሪካው ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ይህ ፋብሪካ በቀን 1400 ኩንታል ስኳር ያመርት ነበር። እኔ ግን ታሪኩ ከውሃው ቢጀመር እመርጣለሁ። አዋሽና ከእርሱ የተጠለፈው የመስኖ ቦይ ባይኖሩ ኖሮ፣ ያ ሜዳ የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት መሬት ሆኖ በቀጠለ ነበር።

ውሃው ከወንዙ በፓምፕ ተስቦ ወደ ዋናው ቦይ ይገባል፤ ከዚያም በትናንሽ ቦዮች እየተከፋፈለ አገዳው ሥር ይደርሳል። በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የክረምቱን ሙላት አቁሮ በበጋ ስለሚለቅ፣ አገዳው ዓመቱን ሙሉ አይጠማም። በዚህ ውሃ ዳር ሳቢሳ የተባለው የውሃ ወፍ ዓሣ ያድናል፤ ከከምባታ፣ ከሀድያና ከወላይታ የመጡ አገዳ ቆራጮችም ኑሯቸውን የመሠረቱት እዚሁ ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚጠጡት ግን ሌላ ውሃ ነበር። አገዳው የአዋሽን ውሃ ሲጠጣ፣ በእርሻው ውስጥ በተሠሩት መንደሮች ለሚኖሩ ቤተሰቦች የቀረበላቸው የጉድጓድ ውሃ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚሟሟ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በወንጂ አንዳንድ ጉድጓዶች የተለካው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማፍላትም አያስወግደውም። በዚያ ውሃ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው በለዘ፤ ለብዙ ዓመታት የጠጡት አንዳንድ ሠራተኞች ደግሞ የአከርካሪ አጥንታቸው ደርቆ ጎበጡ። ለስኳሩ የከፈሉትን ይህን ዋጋ በፋብሪካው ዝና ውስጥ ቀብረን ማለፋችን ያሳፍረኛል።

የወንዙ ውሃ ፍሎራይዱ ከጉድጓዱ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ተጣርቶ ለመንደሮቹ ቢዳረስ ዋነኛው መፍትሔ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ አዋሽ ወንጂ ከመድረሱ በፊት በአቃቂ በኩል የአዲስ አበባን ፍሳሽ፣ በሞጆ ወንዝ በኩል ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎችን ዝቃጭ ይቀበላል። ቆቃ ላይ ደለል እየሞላ ነው፤ እምቦጭም ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ እዚያ ይታወቃል። ስለዚህ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ያለ ፋብሪካ ፍሳሹን ሳያጣራ ሲለቅ፣ ከጉድጓዱ ሸሽቶ ወደ ወንዙ የሚመለከተውን ሰው ያንኑ አንድ አማራጭ ይነጥቀዋል። የሞጆና የአዲስ አበባ ፍሳሽ ቁጥጥር የወንጂ የመጠጥ ውሃ ጉዳይ ተደርጎ በጀትና ቅጣት ሊመደብለት ይገባል፤ ለአገዳ ውሃ መሳብ የቻለው ፓምፕም ውሃው ተጣርቶ በየመንደሩ ቧንቧ እስኪደርስ ድረስ ለሰውም መሥራት አለበት።