ከ500 ዶላር ስንቱ ለራይዘር?

የክርክሩ ጉዳይ፦ አሜሪካ ውስጥ የጀማሪዎችን ሥልጠና በክለብ ደጋን የጨረሰ ጎልማሳ፣ ሪከርቭ የሚባለውንና በኦሊምፒክ የሚታየውን ዓይነት ደጋን ለመግዛት፣ ፍላጻውንና ሌላውን ዕቃ ሁሉ ጨምሮ 500 ዶላር መድቧል። ከዚህ ውስጥ ለራይዘሩ፣ ማለትም እጅ ለሚጨብጠውና አውታሩ ሲሳብ የሚለመጡት ሁለቱ ክንፎች ለሚሰኩበት መካከለኛ አካል፣ ምን ያህል ያውጣ?

ራይዘሩ ይቅደም የሚሉት

ክንፍ ይለወጣል፣ ራይዘር ይቆያል። ጀማሪ ለመሳብ ከ20 እስከ 24 ፓውንድ ጉልበት በሚጠይቅ ክንፍ ይጀምርና ጀርባው ሲጠነክር ጥቂት ጥቂት ፓውንድ እየጨመረ ሁለት ሦስት ጥንድ ይቀያይራል። ይህን የሚያስችለው አይኤልኤፍ የተባለው መሰኪያ ነው፤ መነሻው የአሜሪካው ሆይት ኩባንያ ቢሆንም ዛሬ የብዙ አምራቾች የጋራ መለኪያ ስለሆነ የአንዱ ክንፍ በሌላው ራይዘር ላይ ይገጥማል። ሆይት ኋላ ያወጣው ፎርሙላ የተባለው መሰኪያ ግን ከዚህ ጋር ስለማይገጥም፣ ገንዘቡ የተወሰነ ገዢ ረክሶ ቢያገኘው እንኳ ባይነካው ይሻላል።

ስለዚህ 280 ዶላር ገደማ አውጥቶ ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም በማሽን የተቀረጸ ራይዘር ቢገዛ ገንዘቡን በሚቆየው ነገር ላይ አዋለ እላለሁ። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰው ርካሽ ራይዘር በጥንካሬው አይታማም። ጥያቄው ቀጥ ማለቱ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው መሰኪያ በአንድ መስመር ካልዋሉ አውታሩ በሁለቱም ክንፎች መሃል አያልፍም፣ ተኳሹም የራሱ ያልሆነውን ስሕተት በራሱ አቋም ላይ ሲፈልግ ይከርማል። በማሽን በተቀረጹት ላይ ክንፉን በጥቂቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንቀሳቀሻ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ከርካሾቹ አንዳንዶቹ ግን ይህ የላቸውም።

የሚቃወሙት

ተከራካሪዬ ራይዘር ይቆያል ሲሉ አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ ከደጋኑ ዋና ዋና አካላት የቀኝና የግራ ተብሎ የሚለየው ራይዘሩ ብቻ ነው። ክንፍ ለሁለቱም ይሆናል። ከጥቂት ወራት በኋላ የግራ ዓይኑ እንደሚያይል፣ ማለትም ማነጣጠሩን የሚመራው እሱ እንደሆነ፣ ተረድቶ እጅ የሚቀይር ሰው ክንፉን ይዞ ይቀጥላል፤ ይቆያል የተባለውን ራይዘር ግን ይሸጣል። ማነጣጠሪያና ማረጋጊያ ዘንግ ወደሌለበት ወደ ቤርቦ የሚያዘነብልም አለ፤ በዚያ ውድድር አውታሩ የወረደለት ደጋን ከነተጨማሪ ክብደቱ 12.2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቀዳዳ ማለፍ ስላለበት፣ ብዙዎች ክብደት ከታች እንዲታሰርበት ታስቦ የተሠራ ራይዘር ይመርጣሉ። ምርጫው ገና ላልለየለት ሰው ውድ ራይዘር መግዛት መቸኮል ነው።

ሒሳቡንም እንየው። ከ500 ላይ 280 ሲነሳ 220 ይቀራል፤ ለክንፍ 100 ቢወጣ ለፍላጻ፣ ለማነጣጠሪያ፣ ለአውታር፣ ለፍላጻ ማረፊያ፣ ለጣትና ለክንድ መከላከያ 120 ብቻ ይተርፋል። እኔ ልቤ ያለው ፍላጻው ላይ ነው። የፍላጻ ግትርነት ከክንፉ ጉልበትና ከፍላጻው ርዝመት ጋር ካልተመጣጠነ፣ የቱንም ያህል ቀጥ ያለ ራይዘር ቢይዙ ወደ ጎን ያመልጣል። ራይዘሩን በ150 ዶላር ገዝቶ የተረፈውን 130 ለተመጣጠነ ፍላጻና ከአሠልጣኝ ጋር ለሚያሳልፈው ሰዓት ያውል። ደግሞም ርካሽ ማለት ስም የለሽ ማለት አይደለም፤ ለዋና ተወዳዳሪዎች የሚያመርተው የኮሪያው ዊን ኤንድ ዊን በዊነርስ ስም ለጀማሪዎችም ያቀርባል።

ራይዘሩ ይቅደም የሚሉት

የቤርቦውን ነገር እቀበላለሁ። የዓይኑን ግን አጋነውታል፤ ሁለት እጅ ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል በተተወች ትንሽ ክፍተት ሩቅ ነገር አይቶ አንዱን ዓይን መጨፈን በቂ ነው፣ ይህንንም ሥልጠና የሚሰጥ ክለብ ደጋን ከማስያዙ በፊት ያደርገዋል። የፍላጻውን ሒሳብ በተመለከተ፣ ክንፍ የሚያከራዩ ክለቦች ስላሉ የክንፉ 100 ዶላር ለፍላጻ ሊዞር ይችላል። በማሽን የተቀረጸ ያገለገለ ራይዘርም ብዙ ጊዜ በአዲሱ ርካሽ ዋጋ ይገኛል፤ ብረቱ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመት ያገለግላልና።

የሚቃወሙት

ያገለገለው ላይ እንስማማለን፤ ሆኖም በሥዕል ታይቶ አይገዛ። ገዢው የክንፍ ማሰሪያዎቹን ብሎኖች ፈትቶ ይሰር፣ የማነጣጠሪያውንና የማረጋጊያውን ቀዳዳዎች ጥርስ ይመርምር፣ ከዚያም ቀጥ ባለ ክንፍና አውታር አስወጥሮ ከኋላ ቆሞ አውታሩ በሁለቱም ክንፎች መሃል ማለፉን ይይ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ትቶ ይሂድ። በርካሽ ተገኘ ብሎም ርዝመቱን አይለፍ፤ 25 ኢንች ራይዘር በአጭር፣ በመካከለኛና በረጅም ክንፍ 66፣ 68 እና 70 ኢንች ደጋን ስለሚሆን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። 27 ኢንቹ ግን ያንኑ ክንፍ ወደ 2 ፓውንድ ያህል ያለዝበዋል፣ ደጋኑንም ያረዝመዋል፤ ክንዱ አጭር ለሆነ ገዢ እንዲህ ያለው ራይዘር በግማሽ ዋጋ ቢቀርብለትም ኪሳራ ነው።