ሳር የሚያብበው ስለሞቀ ብቻ አይደለም

«የአውሮፓ የመስክ ሳር በግንቦት የሚያብበው አየሩ ስለሚሞቅ ነው» የምትል አባባል አለች። ትንሽ እውነት አላት፤ ዋናውን ግን ስታዋለች።

የእንግሊዝን የግጦሽ መስክ የሚሸፍነውን፣ ለዓመታት የሚቆየውን ራይግራስ እንውሰድ። ይህ ሳር ለማበብ የሚሰናዳው በብርዱ ወራት ነው። ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሆኖ ለሳምንታት መቆየት አለበት። ብርድ ያላየ ራይግራስ ፀደዩ የፈለገውን ያህል ቢሞቅ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ይቀራል። በፀደይ የተዘራው በመጀመሪያው ዓመት ብዙም ዘለላ (አበባ የሚይዘውን ራስ) የማያወጣው ለዚህ ነው። ዘር ሻጩ ግን በከንቱ ይረገማል!

ከብርዱ በኋላ ደግሞ ቀኑ መርዘም አለበት። ያኔ አንዱን አገዳ ከነሥሩ ነቅላችሁ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቁት። ለማበብ ገና ያልተነሳሳ ከሆነ የእድገት ጫፉ ታች፣ መሬቱ ጥግ ነው። ከተነሳሳ ጫፉ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የዘለላው ቅርጽም በአጉሊ መነጽር ይታያል። ከብት ይህን ጫፍ ከነጨው፣ ያ አገዳ አበባ የለውም።

ታዲያ ሙቀት ምን ይሠራል? ፍጥነቱን ይወስናል። ሞቅ ያለ ፀደይ ዘለላውን በቀናት ያስቀድመዋል፣ ቀዝቃዛው ያዘገየዋል። ለዓይን የሚታየው ይሄ ብቻ ስለሆነ ምስጋናውን ሁሉ ሙቀት ይወስደዋል።

ሳር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ቲሞቲ የሚባለው ብርድ ሳይጠብቅ በረጅም ቀን ብቻ ማበብ ይችላል። ከሰሜን ስካንዲኔቪያ የመጡት ዓይነቶቹ ደግሞ ከደቡቦቹ የበለጠ ረጅም ቀን ይፈልጋሉ።