ኮስቲክ ሶዳ ሲነካችሁ ሎሚ አትጭመቁበት

ወንድሜ፣ «ኮስቲክ ሶዳ እጅ ላይ ከፈሰሰ ሎሚ ወይም አቼቶ አድርጉበት፣ ኃይሉን ያበርደዋል» ብለህ የጻፍከውን አየሁት። ለሰው አስበህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ስህተት ነው። እኔም እዚህ ሐዋሳ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተማሪዎች ደጋግሜ የምሰማው ነገር ነው።

ሎሚና አቼቶ አሲድ ናቸው፣ ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ደግሞ ኃይለኛ ቤዝ ነው፤ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል። ብልቃጥ ውስጥ ችግር የለውም። እንዲያውም በአቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ የምንለካው በዚሁ ነው፤ ፌኖልፍታሊን (ቤዝ ውስጥ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) የተጨመረበት አቼቶ ፈዘዝ ያለ ሮዝ እስኪሆን ድረስ ኮስቲክ ሶዳውን ጠብ ጠብ እናደርግበታለን። የተጎዳ ቆዳ ላይ ግን ያ ሙቀት ሌላ ቃጠሎ ሊጨምር ይችላል። ደግሞ ሎሚ ስትፈልግ ደቂቃው ይሄዳል፣ ኮስቲኩም ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

የሚሠራው ውሃ ነው። የነካውን ልብስ ቶሎ አውልቆ፣ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ። ዓይን ከሆነ ወዲያው እያጠቡ ወደ ሕክምና መሮጥ። «አላመመኝም» ብላችሁ አትዘናጉ፣ እባካችሁ። መጀመሪያ ላይ የሚያሙለጨልጭ ስሜት ብቻ ሊኖር ይችላል። እሱ የቆዳችሁ ቅባት ወደ ሳሙና እየተቀየረ ነው።

ስትበጠብጡም ጥንቃቄ አይለያችሁ። 1 ሞላር (በአንድ ሊትር ውስጥ 1 ሞል ያለበት) ብጥብጥ ለማዘጋጀት 40 ግራም ኮስቲክ ይመዘናል፣ ውሃው ላይ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ ከዚያ 1 ሊትር ላይ ይሞላል። ውሃውን ኮስቲኩ ላይ መድፋት የለም፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የተዘጋጀውን በፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጡት፣ የመስታወት ክዳን ይጣበቅበታል።